ሙያ በባልዲ

መስከረም ጠብቶ የቨርጂኒያ ዛፎች መቅላት ሲጀምሩ ሰው ቤት መሄድ ያስፈራኛል።

የሚያስፈራኝ መንገዱ አይደለም፤ «ና እስቲ አንዴ ውረድ» የሚሉት ሰዎች ናቸው። ውረድ የሚሉህ ወደ ቤዝመንት ነው። ኮትህን አላወለቅህም፣ ልጆቹን አልሳምህም፣ ከላይ የሚቆላው ቡና እየጠራህ ነው። አንተ ግን በጠባቡ ደረጃ ወርደህ፣ በልብስ ማጠቢያው ማሽንና ማንም በማይጋልበው የስፖርት ብስክሌት መካከል፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ባልዲ ፊት ትቆማለህ። ባለቤቱ ብርድ ልብሱን የሚገልጠው የተኛ አራስ ልጁን እንደሚያሳይ አባት ነው።

«ስማው» ይልሃል በሹክሹክታ።

ትሰማለህ። ቡልቅ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቡልቅ።

«በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚል ታውቃለህ?»

አታውቅም። እሱ ግን ቆጥሮታል።

ባልዲው ውስጥ ያለው የፖም ጭማቂ ነው፤ ሳይደር ሊሆን እየፈላ ነው። እርሾው ስኳሩን ይበላል፤ በልቶም አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። ጋዙ ክዳኑ ላይ በተሰካችው፣ ውኃ በተሞላችው ትንሽ ፕላስቲክ በኩል ይወጣል፤ ኤርሎክ ይሏታል። በእሷ በኩል ጋዝ ይወጣል እንጂ አየር ተመልሶ አይገባም። ሳይደሩ አየር ካገኘ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ቀድመህ ብታውቀውም ከማብራሪያው አታመልጥም።

ከማብራሪያው ቀጥሎ «ቅመስልኝ» ይመጣል። እምቢ አይባልም። ቀምሶ ዝም ማለትም የለም። «ጥሩ ነው» ካልህ «ጥሩ ብቻ?» ትባላለህ። «ትንሽ ይጎመዝዛል» ካልህ ደግሞ ስለ ማሊክ አሲድ ሌላ ትምህርት ይጀመራል፤ ላይ ቡናው ሁለተኛው ደርሷል።

ይህን የሚያደርጉት ወዳጆቼ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሁሉም «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?» እየተባሉ፣ ከማጀት በወንፊት ጀርባ እየተመቱ የተባረሩ ናቸው። ጠላ ሲጠመቅ የነበራቸው ድርሻ ደርሶ መጠጣት ብቻ ነበር። ዛሬ ጎንበስ ብሎ ባልዲ የሚያጥበውን ያንን ሰው «እንዴት ወደ ጓዳ ገባህ?» ብትለው ይቆጣል። እሱ ጓዳ አልገባም። እሱ ኬሚስትሪ እየሠራ ነው።

ፖሙም የራሱ ታሪክ አለው። እኛ ስናድግ ፖም እንደ ፍራፍሬ የሚቆጠር አልነበረም፤ የበሽተኛ መጠየቂያ ነበር። ሰው ሆስፒታል ካልተኛ በቀር ፖም ቤት አይገባም። በሽተኛው ደግሞ አፉ መርሮት አይበላውም፤ ጠያቂው ያመጣውን ሌላ ጠያቂ ይበላዋል። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ፣ ሚስዮናውያን የተከሉት ፖም ለምዶ ገበሬውን መጥቀም ከጀመረ ቆይቷል። ፖም ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብምና ደጋውን ወዶታል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ፖም ከጋሞ ይመጣል ብሎ አያስብም ነበር፤ ከውጭ አገርና ከሕመም ጋር ብቻ ነበር የሚያውቀው።

አሁን ያ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ፣ ከሰዓት በላይ ነድቶ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ወደ ዊንቸስተር ይሄዳል። እዚያ በገዛ እጁ ፖም ለቅሞ፣ ስለ ለቀመም ይከፍላል። ገበሬው መግቢያው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ይቀበላል። ከአጨዳ ሸሽቶ ከተማ የገባ፣ ከከተማም አልፎ ውቅያኖስ የተሻገረ የገበሬ ልጅ፣ ተሰልፎ የሰው ማሳ ላይ ይሠራል። ደቦ ነው እንዳትል፣ ደቦ ጠላና ንፍሮ አለው። ይሄ ምሳህን ይዘህ የምትመጣበት፣ ለባለማሳው ከፍለህ የምትመለስበት ደቦ ነው።

ከእርሻው ሱቅ ደግሞ ቡናማ፣ ደፍረስ ያለ ጥሬ ጭማቂ በጋሎን ይሸጣል። የሳይደሩ መነሻ እሱ ነው። አንዳንዱ ግን ከዚያ ሁሉ መንገድ ብሎ ከሱፐርማርኬት የሚገኘውን ጭማቂ ይገዛል። አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ አድርጎ፣ እርሾውን በትኖ፣ ባልዲውን አልብሶ ቢጠብቅ ቡልቅታ የለም። ሁለተኛ እርሾ ጨመረበት። ማሞቂያ አቀረበለት። ወደ ሌላ ጥግ አዛወረው። ጠበል ብቻ ነበር የቀረው። በመጨረሻ ሚስቱ ባዶውን የጭማቂ ጠርሙስ አዙራ በደቃቁ የተጻፈውን አነበበችለት፤ ፖታሺየም ሶርቤት አለበት። እርሾ እንዳይራባ ተብሎ ሆነ ተብሎ የሚጨመር ነገር ነው። ሰውዬው ምግቡን መርዞ እንግዳውን «ብላ እንጂ» እያለ ሲለምን ነው የከረመው።

ይሁንና ሲፈላም ችግር አለው። የፖም ጭማቂ ስኳር እንጂ ናይትሮጂን እምብዛም የለውም። እርሾ ደግሞ ናይትሮጂን ሲያጥረው ይቆጣል፤ ቁጣውን የሚገልጸውም በተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው። ሽታው በጊዜው ይጠፋል። እስኪጠፋ ግን ቤተሰብ ይተዛዘባል። መጀመሪያ የሕፃኑ ዳይፐር ይታያል። ቀጥሎ ቱቦ ይጠረጠራል። ቀጥሎ አዛውንቱ አጎት ባላደረጉት አንገታቸውን ይደፋሉ።

ይህ ሽታ በገባበት በአንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የወዳጄ ሚስት ለልጃቸው ክርስትና ጠላ ልጥመቅ ብላ ነበር። «ምንጣፉ ሽታ ይይዛል» ብሎ ከለከላት። «ጎረቤት ምን ይላል?» አላት። ለክርስትናው ቢራ ተገዛ። ዛሬ ከቤዝመንት የሚወጣው ሽታ ምንጣፉን አልፎ መጋረጃው ላይ ወጥቷል። እሷ ምንም አትናገርም። ደረጃው አናት ላይ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ ታየዋለች፣ በቃ። ከንግግር የሚብስ ዝምታ አለ።

እዚህ ላይ ለሳይደር ጠማቂዎች የማይጥም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሳይደር ቀላል ነው። ፖም ስኳሩን ይዞ ነው የሚበስለው። ጨምቀህ ዝም ብትለው እንኳ፣ ቆዳው ላይና መጭመቂያው ላይ ባለው የዱር እርሾ ራሱን ችሎ ይፈላል። የሰው ድርሻ ዕቃ ማጠብና አለመነካካት ነው።

ጠላ ግን ከገብስ ነው። ገብስ ስታርች ነው፤ እርሾ ስታርች አይበላም። ስለዚህ ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ አቆጥቁጦ፣ ደርቆ ብቅል መሆን አለበት። ስታርቹን ሰባብሮ ስኳር የሚያደርገው ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል። አሻሮው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ እንኩሮ ሆኖ ይደፈደፋል። ጉሹ አለ፣ ጥሩው አለ፣ ለልጅና ለእረኛ የሚቀር ቅራሪ አለ፤ አተላው እንኳ ለከብት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ሰዓት፣ ቀኝ እጅ ልጅ አቅፎ፣ ግራ እጅ እያማሰለ ነው። እናቶቻችን ኢንዛይም የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም። ኢንዛይሙ ግን ይታዘዛቸው ነበር።

ከሁለቱ ወንዶቹ ቀላሉን መረጡና ሳይንስ አሉት።

ሳይንስነቱን የሚያረጋግጠው ሃይድሮሜትሩ ነው። ጭማቂው ውስጥ ስትጥላት ቀጥ ብላ የምትንሳፈፍ፣ ቁጥር የተጻፈባት የመስታወት ዘንግ ናት። ስኳሩ ሲበዛ ከፍ ትላለች፣ ሲያልቅ ትሰምጣለች። 1.050 ላይ ተነስቶ 1.000 ሲደርስ ከመቶ ስድስት ተኩል ያህል አልኮል ሆኗል ማለት ነው። ወዳጄ ይህንን በየቀኑ ለክቶ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል፤ መስመሩ ሲወርድ የሚያሳይ ሥዕልም አለው። ይህ ሰው የልጆቹን የልደት ቀን ሚስቱን ጠይቆ ነው የሚሞላው።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። በልብ የሆነ ነገር ደግሞ ስም አያስጠራም፤ ስም የሚያስጠራው መዝገቡ ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። ከእኛ ሰፈር ሁለት ሰዓት ያህል ከነዳህ፣ ሻርለትስቪል አጠገብ ካለ ተራራ ላይ፣ ሞንቲቼሎ የሚባለው የቶማስ ጄፈርሰን ቤት አለ። የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ያረቀቀው፣ በኋላም ሦስተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጄፈርሰን ነው። ስለ ፖም ዛፎቹና ስለ ሳይደሩ ብዙ ተጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1800 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ፊላደልፊያ ሳለ ለአማቹ ደብዳቤ ጻፈ። መጋቢት ሲደርስ ሳይደሩ ጠርሙስ እንዲገባ ትእዛዝ ስጡ አለ። ከዚያም እዚያ ካሉት ሁሉ እምነትንም ሙያንም አንድ ላይ የያዘች ኡርሱላ ብቻ ናት ብሎ ጨመረ።

ኡርሱላ ግሬንጀር በ1773 በገንዘብ የተገዛች ባሪያ ነበረች። ወጥ ቤቱ፣ ሥጋ የሚታጠንበት ቤት፣ ልብስ የሚታጠብበት ቤት በእሷ እጅ ነበር። የጄፈርሰንን የበኩር ልጅ ጡቷን አጥብታ ያሳደገችም እሷ ናት። ልጇ አይዛክ በስተርጅና ሲናገር የጄፈርሰን ሚስት የምግብ መጽሐፍ ይዛ ወጥ ቤት እየገባች፣ ኬክ እንዴት እንደሚሠራ ለእናቱ ታነብላት እንደነበር ያስታውሳል። አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ታቦካለች። መጽሐፉ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ኬኩ ግን የማን እጅ ነው?

የነፃነት መግለጫ የጻፈው ሰው ለሳይደሩ የሚያምነው ሰው ሲፈልግ ያገኘው፣ ነፃነቷን የነፈጋትን ሴት ነው። ጠርሙሱ ጣፋጭ ከሆነ የጄፈርሰን ሳይደር ይባላል። ቢፈነዳ ኖሮ ግን የኡርሱላ ይባል ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን ሁሉ ከባልዲው አጠገብ ቆሜ ለወዳጄ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ዓይኑ እንባ ያዘለ መሰለኝ።

«ጄፈርሰንም ሳይደር ይሠራ ነበር?» አለኝ።

በሳምንቱ ጠርሙሶቹ ላይ የሚለጥፈውን ወረቀት አሳየኝ። «በጄፈርሰን አገር ዘዴ» ይላል።

አሜሪካኖች ራሳቸው ከሳይደር ጋር ያላቸው ነገር ቀልድ የሚመስል ነው። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ጠዋት ሲነሳ ሳይደር ይጠጣ ነበር፤ እኛ አገር ይሄ ለሽምግልና ያስቀርባል። በ1840 ምርጫ ደግሞ ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰንን አንድ ጋዜጣ «አንድ በርሜል ሳይደር ስጡትና የእንጨት ጎጆው ውስጥ ይቀመጥ» በሚል መንፈስ ዘለፈው። ደጋፊዎቹ ዘለፋውን አነሱና ባንዲራ አደረጉት፤ ጎጆና በርሜል እየጎተቱ በየከተማው ሕዝቡን አጠጡት። ሰውዬው ግን የቨርጂኒያ ባለጸጋ ልጅ ነው፤ ጎጆ ውስጥ አልተወለደም። አሸነፈ። ቃለ መሐላ ፈጽሞ በወሩ ሞተ።

ሕጉስ ቢሉ፣ ለራስና ለቤተሰብ እስከሆነ ድረስ ቤት ውስጥ መጥመቅ ይፈቀዳል። ሳይደር እንደ ወይን ይቆጠራል፤ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ በፌዴራል ሕግ ከቀረጥ ነፃ ነው። መሸጥ የለም። ይህን የሰማ አንድ ጎረቤታችን «ታዲያ ይህንኑ ብናነጥረው አረቄ አይወጣውም?» አለ። ይወጣዋል። ያለ ፈቃድ ማንጠር ግን ለዘመናት በወንጀል ሲያስጠይቅ የኖረ ነገር ነው። ጎረቤታችን አዘነ። የነፃነት አገር ሲሉት ሌላ ነገር መስሎት ነበር።

የወዳጄ ሚስት እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት ይሄኔ ነው። ከደብረ ብርሃን። ሻንጣው ሳይፈታ፣ አማች ሆዬ ባህሉን ይዞ «እማዬ፣ አንዴ ይውረዱ» አላቸው።

ወረዱ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ። ብርድ ልብሱ ተገለጠ። ኤርሎኳ ቡልቅ አለች። እሳቸው ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱና ሌባ ጣታቸውን ሊነክሩ ሲሉ ወዳጄ በድንጋጤ እጃቸውን ያዘ።

«እማዬ፣ እጅዎን አይንከሩ! ባክቴሪያ…»

«የኔ እጅ ነው ባክቴሪያ?» አሉ። «ስንት ሠርግ ያጠጣሁበት እጅ!»

«አይደለም፣ ማለቴ ሁሉም ነገር ሳኒታይዝ ተደርጎ…»

«ይሁን ልጄ። ይሄ ገና ጉሽ ነው። እስከ እሑድ አትንካው።»

ወዳጄ ሃይድሮሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ መዘገበ፣ ሥዕሉን አየ። ረቡዕ እንደሚደርስ ሥዕሉ ይናገራል። ረቡዕ ለካ፤ አልደረሰም። እሑድ ጠዋት 1.000 ላይ ቀጥ አለ። ይህንን ለአማቱ አልነገራቸውም። ለእኔ ግን «የቴምፔሬቸር ጉዳይ ነው» አለኝ።

እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው።

«ጌሾስ?»

«ጌሾ የለውም እማዬ። ፖም ብቻ ነው። ትንሽ የሻይ ቅጠልም አለበት።»

ሻዩ የሞኝ ነገር አይደለም። ለመብል የሚሸጠው ፖም ጣፋጭ ነው እንጂ ምላስ የሚይዝ ታኒን የለውም። በእንግሊዝ አገር ሶመርሴትና ሄርፎርድሺር የሚበቅለው የሳይደር ፖም መራራና አፍ የሚያደርቅ ነው፤ ጥሬውን ለመብላት አይሞከርም፣ ሳይደሩ ግን ቁም ነገር አለው። ያን ያላገኘ ሰው ጠንከር ያለ ሻይ ጨምሮ ለማካካስ ይሞክራል። ወዳጄ ይህን ሁሉ አስረዳቸው።

«መራራነት አጥሮህ ነው ሻይ የጨመርህበት?» አሉ ሰምተው ሲጨርሱ። «ጌሾ እያለ?»

በማግስቱ ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ጌሾ ገዝታ መጣች። አማትየው ከአማቻቸው ጭማቂ አንድ ጋሎን ለምነው፣ የመስታወት ማሰሮ ተበድረው ሥራ ጀመሩ። ማሰሮውን በወይራ ላጥን ሲሉ የቤቱ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ልጆቹ እያለቀሱ ወደ ደጅ ሮጡ። ወዳጄ ከቤዝመንት በባዶ እግሩ ወጣ። እሳቸው ብቻ አልተነሱም። «ይሄ ቤት ጭስ አያውቅም እንዴ?» አሉ።

ወዳጄ በበኩሉ ሳይደሩ እንደ ሻምፓኝ እንዲፈላቀቅ ፈለገና በየጠርሙሱ ስኳር ጨምሮ ከደነው። ነገሩ ትክክል ነው፤ የቀረው እርሾ ያንን ስኳር በልቶ ጋዙን እዚያው ያፍነዋል። ስኳሩ ከበዛ ግን ጠርሙሱ ቦምብ ነው። ጠንቃቃ ሰው አንዱን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላና በእጁ እየጨመቀ ጥንካሬውን ያያል፤ ሲጠነክር ሁሉንም ፍሪጅ ያስገባል። ወዳጄ በፎርሙላ አሰላው። አንድ ሌሊት ምድር ቤቱ ተኩስ በተኩስ ሆነ። የእኛ ዕድሜ ሰው ሌሊት እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ጠርሙስ ነው ብሎ አያስብም። ሙሉ ቤተሰቡ አልጋ ሥር ነበር፤ አማትየው ብቻ ከመኝታቸው ሳይነሱ «ስኳር አብዝቷል» ብለው ተገላብጠው ተኙ።

ገና ደረሰ። ዶሮው ተሠራ፣ ሰው ተሰበሰበ። ከፍንዳታው የተረፉት ጠርሙሶች መለያቸውን ለብሰው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። የአማትየው መጠጥ ግን ስም የሌለው ማሰሮ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ፖሙ ከኋላ የሚሸት፣ ጌሾው ከፊት የሚይዝ። ጠጅ በብርሌ ይላሉና እሳቸው ብርሌ ጠይቀው ነበር፤ የፕላስቲክ ብርጭቆ ሰጧቸው።

ማሰሮው ከጠርሙሶቹ ቀድሞ ባዶ ሆነ።

«ይሄኛውን እንዴት ነው የሠራኸው?» አሉ ወንዶቹ፣ ወዳጄን ከበው።

ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የመነሻው ስፔሲፊክ ግራቪቲ…»

«ጌሾውን ንገራቸው!» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት።

«ተይው ልጄ፣ ያስረዳቸው» አሉ አማትየው። ከዚያም ባዶ ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ባይሆን አንተ ቅዳልኝ፤ ሌላ ማሰሮ ከአልጋዬ ሥር አለ።»